ፊልሞን የሚጠግነው አውሮፕላን

ማቴዎስ ሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይጠግናል። ከጓደኛው ከፊልሞን ጋር ለአየር ኃይል ቴክኒሻንነት ተመዝግበው ነበር፤ ማቴዎስን አንድ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ጣሉት፣ ፊልሞን አለፈ።

አገሪቱ የገዛቻቸው ወታደራዊ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች በገቡ ማግስት የፊልሞን እናት ጋራዡ ድረስ መጥተው በስልካቸው ፎቶ አሳዩት። ፊልሞን ከግዙፉ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆሞ ይስቃል።

"ለጥገናው ልጄን መረጡት!" አሉት።

ማቴዎስ ፊቱን ወደሚፈታው ባጃጅ መለሰ። "እትዬ ሙሉጌጥ፣ ያው ብሎን ማጥበቅ ነው'ኮ።"

ሴትየዋ ፊታቸው ተለወጠ። "እሱማ 'ሞተር መፍታት ያስተማረኝ ማቴዎስ ነው፤ መጀመሪያ ለእሱ አሳዪው' ብሎ ነው የላከኝ" አሉትና ሄዱ።

ማቴዎስ አፈረ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀውም። ደውሎ "እንኳን ደስ አለህ" እስኪለው ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ያኔም ስለ አውሮፕላኑ አንድም ነገር አልጠየቀውም።