የቀጥቃጩ ልጅ ምግብ ቤት

ታፔላ የሚጽፈው ሰው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «የቀጥቃጩ ነው ያልሽኝ?» አለ። አዎ አልኩት። ብሩሹን ቀለም ውስጥ እንደነከረ፣ «እህቴ፣ ‹ሰላም ምግብ ቤት› ብልልሽስ? ‹በረካ›ም ጥሩ ነው፤ ፊደሉም ያንሳል» አለኝ። መርሳ ውስጥ ሰላምም በረካም የሚባል ምግብ ቤት ሞልቷል፣ የቀጥቃጭ ልጅ የከፈተችው ግን አንድም የለም አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ጻፈው። እንዲያውም ተናዶ ይሁን አዝኖልኝ፣ ፊደሉን ከጠየቅሁት በላይ አጉልቶ ነው የጻፈው።

በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻውን እሱ ይሠራል፣ ማጭዱን እሱ ይሠራል፣ ገበሬው በዚያ አርሶና አጭዶ ይበላል፤ ሲበላ ግን ቀጥቃጩ እንዳያየው ይሸፈናል። ዓይኑ ሰው ይበላል ነው ነገሩ። ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ብረት ያመጣ ሁሉ ደጃፋችን ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወደኋላ ይል ነበር። ለአባቴ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው አልነበረም። ውሃ ከጠማቸው ጎረቤት ሄደው ይጠጣሉ። እንዲህ የሚፈሩን ሰዎች ክረምት ሊገባ ሲል ግን ማረሻቸውን ታቅፈው ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ምግብ ቤት ልከፍት ነው ስል ወንድሜ ያበድኩ መሰለው። ወንድሜ ወልድያ ውስጥ የብረታ ብረት ቤት አለው። በርና መስኮት ይሠራል፣ ሰው አክብሮ ሻይ ይጋብዘዋል። አባቴ በወናፍ እያጋለ የሚቀጠቅጠውን ብረት እሱ በመብራት ይበይደዋል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። በከሰል ሲሆን ቡዳ፣ በኤሌክትሪክ ሲሆን ባለሙያ። ከየት ነህ ሲሉት ደግሞ የሌላ አገር ስም ይጠራል። ደውሎ፣ «ምግብ ካልሸጥሁ ካልሽ ደሴ ሂጂ፤ እዚያ ማንም አያውቅሽም» አለኝ። እኔ ደግሞ የፈለግሁት መታወቅ ነበር።

ሙያውን የተማርኩት እዚያው ወልድያ ነው። አንድ ሆቴል ሰሃን አጣቢ ሆኜ ገብቼ ወጥ ቤት ሆኜ ወጣሁ። የማን ልጅ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። በየቀኑ ከእጄ የበላው ሰው ሁሉ አፉን ጠርጎ፣ ጤነኛ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያንን ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይብስብኝ ነበር። እነዚያው ሰዎች መርሳ ወርደው አባቴን ቢያዩት እኮ ጉርሻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ።

ከጦርነቱ በኋላ መርሳ ውስጥ ብዙ ቤት ባዶውን ቆሞ ስለነበር አከራይ ተከራይ የሚመርጥበት ጊዜ አልነበረም። አውቶብስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ያለውን ቤት አንድ ሀጂ አከራዩኝ። ደግ ሰው ናቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩም ያውቃሉ፤ ማረሻቸውን ሲሠራላቸው የኖረው አባቴ ነው። ታፔላው ሲሰቀል አይተው «ላኢላሀ ኢለሏህ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ የገቡት መንገደኞች ናቸው። ሹፌር የምን ቡዳ ያውቃል! እሱ የሚጠይቀው ቅቅሉ ትኩስ መሆኑን ነው። ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ሠራተኞች መጡ፤ ታፔላውን አንብበው ሳቁ፣ በስልካቸው ፎቶ አነሱት፣ ገብተው በሉ። የመርሳ ሰው ግን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያየን ነበር። ማን እንደሚሞት ሊያይ ይመስለኛል። ሰነበተ፣ ማንም ሳይሞት ቀረ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ መግባት ጀመሩ፤ መጀመሪያ በጓሮ፣ በኋላም በፊት በር። የጥብሱ ሽታ ከቡዳው በለጠባቸው።

ያልጠበቅሁት ችግር የመጣው በአባቴ በኩል ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ትከሻው መዶሻ አልሸከም ስላለው ወናፉን ሰቅሎ እኔ ዘንድ መጣ። ከባንኮኒው አጠገብ ጥሩ ወንበር አዘጋጀሁለት። ሻዩን እየጠጣ፣ ደንበኛ እየተቀበለ እንዲውል ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀመጠ። ሰው በሚበላበት ቦታ ሌላ አቀማመጥ አያውቅማ! ሠርግ ቢጠሩት እንኳ ጀርባውን ለዳሱ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። እኛንም ያሳደገን እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲጎርስ አቀርቅሩ፣ ላም በምትታለብበት አትለፉ፣ ሕፃን ሲጠባ ካያችሁ ሌላው ማሻአላህ አንዴ ሲል እናንተ ሦስቴ በሉ።

መንገደኛው ግራ ገባው። «ሽማግሌው አኩርፈው ነው?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ዓይናቸውን የታመሙ መስሎት የሐኪም አድራሻ ይነግረኛል። አንድ የከባድ መኪና ሹፌርማ ሻዩን ይዞ ሄደና እሱም እንደ አባቴ ግድግዳውን እያየ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ብዙ ተጫወቱ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በራሴ ቤት አባቴ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን አዙሮ መቀመጡን ሆዴ አልችል አለ።

«አባየ፣ ዙር» እለዋለሁ።

«ተይኝ ልጄ፣ ንግድሽን አላበላሽብሽም» ይለኛል።

ሀጂም መከሩኝ። «ልጄ፣ ለንግድሽ ብዬ ነው፤ አባትሽ ጓዳ ቢሆኑ ምናለ?»

«ሀጂ፣ ጓዳ የሚቀመጠው ሽንኩርት ነው» አልኳቸው። ደግነታቸውን እያወቅሁ መልሴ ሻከረ፤ ይሻክር።

ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ወደ በሩ አዞረዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እሱ ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። ወራት እንዲህ ስንታገል ከረምን።

አንድ የገበያ ቀን ከጊራና ቆላ ሽንኩርት በአይሱዙ ጭነው የመጡ ገበሬዎች ቤቱን ሞሉት። ያን ዕለት አባቴን ያዞርኩት ከነተቀመጠበት ወንበር ነበር። ደክሞት ይሁን እኔን ማሳዘን ሰልችቶት፣ እንዳዞርኩት ቀረ። አቀርቅሮ ሙስበሃውን ይቆጥራል። ድንገት ቀና ሲል በሩ አጠገብ ከሚበላ አንድ ጎልማሳ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሰውየው ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣለና ሆዱን ያዘ። «ተበላሁ!» ብሎ ጮኸ።

ሰውየው ጠዋቱን ሙሉ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ጥሬ ማንጎ ሲገምጥ እንደነበር ጓደኞቹ ያውቁ ነበር፤ በኋላ አንዱ ራሱ ነግሮኛል። ያኔ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ሁሉም ከመቀመጫው ተነሣ። «እንትፍ ይበሉበት! እንትፍ ይበሉበትና ይለቀዋል» አሉ። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ቡዳው ራሱ ምራቁን እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። አባቴ ዕድሜ ልኩን እንትፍ ሲል ኖሯል። ሕፃን አላስተኛ አለ ሲባል ይጠሩታል፣ ላም ወተት ነሳች ሲባል ይጠሩታል፤ ሄዶ እንትፍ ይላል፣ ሰዉም እፎይ ብሎ ይበተናል። «ከመሟገት ይሄ ይቀላል» ይል ነበር። ግን እንትፍ ባለ ቁጥር አዎ በላሁ ማለቱ ነው። አንዳንዴ ተከትየው ሄጄ አይቻለሁ። ስንመለስ ከፊቴ ቀድሞ እየፈጠነ ይሄዳል።

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ሀጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ቤትሽ ከሚዘጋ አንዴ እንትፍ ቢሉበት ምን ይጎድልባቸዋል?» አሉኝ። ስለ ቤቱስ እውነታቸውን ነበር። አንዴ እንትፍ ቢል ሁሉም ተመልሶ ይቀመጣል፣ ምሳውም ይቀጥላል። እምቢ ካለ ከነገ ጀምሮ ደጄን ማን እንደሚረግጥ አላህ ነው የሚያውቀው።

አባቴ ተነሣ። የለመደ እግሩ ወደ ሰውየው መራመድ ጀመረ። መካከላቸው ገባሁ።

«በዚህ ቤት ማንም ማንም ላይ አይተፋም!» አልኩ። «የታመመ ካለ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ባጃጅ እኔ እጠራለታለሁ። አባቴ ሐኪም አይደለም፤ በሽታም አይደለም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? እርሳቸው ይናገሩ» አለኝ አንዱ።

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። እሱ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ማጭድ ወይ ማረሻ ያልሠራለት ሰው ከመካከላቸው ጥቂት ነው፤ ግን አቀርቅሮ ስለኖረ መልካቸውን በቅጡ አያውቀውም። ጊዜ ወሰደበት።

«ምራቄ ደርቋል» አለ።

«ምን አሉ?»

«ደርቋል። ለእናንተ እንትፍ ስል ኖሬ አለቀ። በሉ ሐኪም ቤት ውሰዱት።»

ሰውየውን ደግፈው ወጡ፤ ሌላውም ምሳውን እየጣለ ተከተለ። ከመንገዱ ዳር ሲደርስ ሰውየው አስታወከና ቀለል አለው፤ ውሃ ስጡኝ ሲል ሰማሁት። ያም ሆኖ አንድም የተመለሰ የለም። ደጃፉ ላይ ተሰብስበው ወደ ውስጥ ያዩን ጀመር። ሀጂም ከእነሱ ጋር ቆመዋል፤ ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቴ ባዶ ሆነ። እኔ ግን፣ ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ወንበሩን አነሣ። ግድግዳው ጋ የሚወስደው መስሎኝ ላስቆመው ስል አልፎኝ ሄደና መካከለኛው ጠረጴዛ ጋ ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠው። ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ምሳዬን እዚህ አምጪልኝ» አለኝ።

ባዕድ እያየው ሲበላ አይቼው አላውቅም። ትሪውን አቀረብኩለት። ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ። ደጃፉ ላይ የቆሙትን እያየ ጎረሰ። አልቸኮለም፣ አላቀረቀረም። ከውጭ አንዳንዱ ዓይኑን መለሰ፣ አንዳንዱ ቆሞ ቀረ። ትሪው ባዶ እስኪሆን በላ።

ከዚያ ቀና ብሎ «ጨምሪልኝ» አለኝ።

ጨመርኩለት።