ጌሼ ኡበን እና ያልተጠጣው ሻይ

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላው ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ኮምፒውተሩን ይከሳል። እኔ ግን በጀርመን ሰሜን ባሕር ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል ሐኪም ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደብዳቤዎቹንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ጌሼ ኡበን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚሁ ክፍል ነርስ ነበረች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹን ከአልጋ ስታነሳ ስታስተኛ ወገቧ ከዳትና ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ለሕክምና መዝገብ ኮድ መስጠት ጀመረች። አንድ ሕመምተኛ ሲወጣ መዝገቡን ታነባለች፤ ለተገኘበት ሕመም ሁሉ የተመደበለትን ኮድ ትሰጣለች። ዋናው መሥሪያ ቤት የተቀመጡት አለቆች ሰውየውን አያዩትም፤ የሚያዩት የኮዶቹን ዝርዝር ነው።

ካቻምና በጸደይ ኮድ የሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። ለሚወጣ ሕመምተኛ የምጽፈውን የመሸኛ ደብዳቤ በዓይን ጥቅሻ አንብቦ ኮዶቹን ይደረድራል፤ ጌሼ የሚሆነውን ታጸድቃለች፣ የማይሆነውን ትሰርዛለች። ሥራዋን ሊቀማት ነው ብለን አዘንንላት። እሷ እቴ! "ጎበዙ" የሚል ስም አወጣችለት።

"ጎበዙ ዛሬ ምን አለ?" እላት ነበር ሊፍቱ ውስጥ ሳገኛት።

"እርስዎ ያሉትን ነዋ፣ ዶክተር። ችግሩም እሱ ነው።"

ነገሩ አልገባኝም፤ ልጠይቃትም አልሞከርኩም።

በኅዳር ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰን። በመዝገብ እንደሚታየው የክፍላችሁ ሕመምተኞች ሕመማቸው ቀላል ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ ፋሲካ ሲደርስ ጨርሶ ይዘጋል፣ አረጋውያኑም ወደ ከተማ እየተላኩ ይታከማሉ ይላል። ከተማው በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የሰማንያ ዓመት ሴት ባሏን ለመጠየቅ በዚያ ነፋስ ሁለት ሰዓት ሄዳ ሁለት ሰዓት ልትመለስ! ደሜ ፈላ። ፕሮግራሙንም፣ የሠራውንም፣ የገዛውንም አንድ በአንድ ረገምኩ።

በሻይ ሰዓት ጌሼ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች።

"ጎበዙን አይስደቡብኝ" አለች። "ከመጨረሻዎቹ አርባ ሕመምተኞችዎ ሠላሳዎቹ 'ሕመም የለውም፣ በደንብ ይበላል፣ ይጠጣል' ተብለው ነው የወጡት። ማን ነው የጻፈው?"

"ጠይቄያቸው ነዋ!"

"ምን ብለው?"

"እንዴት ነዎት ብዬ።"

"እነሱስ?"

በእኛ አገር እንዴት ነህ ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ "ምንም አይል።" ዳሌው ተሰብሮ የመጣ ሰው እንኳ ሌላ አይልም። እኔም የዚሁ ዳርቻ ልጅ ነኝና መልሱን ሳልጠራጠር እቀበላለሁ። አባቴ ልቡ ሊቆም አንድ ቀን ሲቀረው "ምንም አይል" ብሎኝ አምኜው ወደ ቤቴ ሄጃለሁ።

"ይምጡ" ብላ ክንዴን ይዛ አራት ቁጥር ክፍል አስገባችኝ። እዚያ የተኛው ሜኖ ሳትሆፍ የሚባል የሰማንያ አራት ዓመት ጀልባ ሠሪ ነው። በነጋታው ሊወጣ ስለነበር ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ።

"እንዴት ነዎት፣ አቶ ሳትሆፍ?" አልኩት።

"ምንም አይል። ይልቅ እርስዎ ከስተዋል፣ ዶክተር፤ አልጋውን ልልቀቅልዎ?"

ጌሼ ምንም አልጠየቀችውም። ሻይ ቀዳችለት፤ ክሬሙን ጠብ አደረገችበት። ሜኖ ቀስ ብሎ ጠጣና ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አቆመ። ይህ በእኛ ዘንድ በቃኝ፣ አትቅዱልኝ ማለት ነው። ሦስት ስኒ ሳይጠጣ እንዲያ የሚያደርግ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

"በአንድ ብቻ?" አለችው ጌሼ። "ባለቤትዎ ቢያዩ ምን ሊሉ ነው?"

"ተገላገልኩ ነው የምትለው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም አልለቀው አለ።

እዚያው መረመርኩት። ጉሮሮው በደንብ አይውጥም፤ ከሚጠጣው ከፊሉ ወደ ሳንባው እየሄደ ነበር። ኮሪደር ላይ ጌሼ የነርሶቹን የየዕለት ማስታወሻ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችልኝ። ሰኞ አንድ ስኒ። ማክሰኞ አንድ ስኒ። ረቡዕም እንደዚያው።

"ነርሶቹ አይተዋል" አለች። "ጎበዙ ግን የእርስዎን ደብዳቤ ብቻ እንዲያነብ ነው የታዘዘው።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉትን የኮምፒውተር ሰዎች በስልክ መግቢያ መውጫ አሳጣቻቸው። በመጨረሻ ፕሮግራሙ የነርሶቹንም ማስታወሻ እንዲያነብ ፈቀዱላት። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ፕሮግራሙ ከነርሶቹ ማስታወሻ መርጦ ቀለም የቀባቸው ዓረፍተ ነገሮች ይጠብቁኝ ጀመር፤ "ደረጃ ሲወጣ ሦስተኛው ላይ ቆመ"፣ "ዳቦዋን ተወችው"፣ "የልጁ ስም ጠፋበት"። እኔም አልጋ ላልጋ እየዞርኩ እመረምራለሁ፤ ያገኘሁትንም ደብዳቤው ላይ እጽፋለሁ። እንዴት ነዎት ማለቱን ትቼ እስቲ የሸሚዝዎን ቁልፍ ይቆልፉ፣ እስቲ ተነስተው ይቁሙ ማለት ለመድኩ።

አንድ ቀን በጥር ቸኮልኩና ያልመረመርኳትን አሮጊት መዋጥ ያስቸግራታል ብዬ ጻፍኩ። ሰዓት ሳይሞላ መዝገቡ ተመለሰብኝ። ስልክ አንስቼ ጌሼ ጋ ደወልኩ።

"ክፍሉ እንዲተርፍ አትፈልጊም እንዴ?"

"እንዴት አልፈልግም! ሴትዮዋ ግን ሦስት ጠጥተው አራተኛ አስቀድተዋል። የሌለባቸውን በሽታ አልለጥፍባቸውም" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ቆሽቴ አረረ። ሄጄ ባይ አሮጊቷ ኬክ እየበላች ነው።

ሜኖ ደግሞ መውጣቱ ቀርቶ፣ ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ወፍራም የተደረገ ሻይ ታዘዘለት፤ የመዋጥ ልምምድም ጀመረ። "ይሄ ሻይ አይደለም፣ ሙጫ ነው! ጀልባ ይለጠፍበት!" እያለ ክፍሉን አናጋው። በሰማንያ አራት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያማርር የተሰማው ያኔ ነው፤ ደስ ብሎኝ ቃል በቃል መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። በስድስተኛው ሳምንት ደህናውን ሻይ ሦስት ስኒ ጠጣ።

በየካቲት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት መርማሪዎች መጥተው መዝገቡን ከሕመምተኛው ጋር እያስተያዩ ሦስት ቀን ሰነበቱ። አንድም የተጋነነ ነገር አላገኙም። በመጋቢት ደብዳቤው ደረሰ፤ ክፍሉ አይዘጋም።

እንደ ልጅ እየሮጥኩ ምድር ቤት ወረድኩ። ጌሼ አንብባ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። ልታቅፈኝ ስትነሳ ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ በቀስ ነው ሰውነቷን ያቃናችው።

"ወገብሽ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ምንም አይል።"

ወረቀቱን ተቀብዬ አስቀመጥኩት። "እስቲ ተቀመጪ" አልኳት። "አሁን ጠረጴዛውን ሳትይዢ ተነሺ፤ ልይሽ።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ያመኛል፣ ዶክተር" አለች። "ሰባት ዓመቱ።"

ሰባት ዓመት በየቀኑ ሊፍቱ ውስጥ እየቀለድኩ አብሬያት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። አፈርኩ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ሕመሙ ከየትኛው ጎን እንደሚጀምራት ጠየቅኳት።