ገርበብ ያለ በር

ነዳፊዋ በሯን ዘግታ ስትሠራ ሰማይ ቢናድ አትሰማም። አባቷን ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ የሕንፃ ንድፍ የምትሠራው ከቤት፣ ከእሳቸው መኝታ ክፍል አጠገብ ነው። ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከታ ስትቀመጥ ከእጇ የሚወጣው መስመር እንከን አይወጣለትም።

ዝምታው ግን ጣጣ አመጣ። ባለፈው ወር ቢሮ ያሉት ባልደረቦቿ አብረው የሚነድፉትን የአንድ ክሊኒክ ዋና በር ወደ ጎን ለማዞር ቆመው ሲያወሩ ተስማሙ። ለእሷ የነገራት የለም፤ በሩን በቀድሞ ቦታው ይዛ ስትለፋ ከርማ ሥራው እንደገና ተሠራ።

«አንዴ ከተደገመ ወደ ቢሮ ትመለሻለሽ» አላት አለቃዋ።

ብትመለስ አባቷን ማን ደግፎ ያነሳቸዋል?

አባቷ ጭንቀቷን ሲሰሙ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ አይደል የምተኛው? ወለል ካለ ጫጫታሽ አያስተኛኝም፤ ጥርቅም ካለ ደግሞ ብወድቅ አትሰሚኝም።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ለቢሮው በሯ ዝግ ሆነ፤ ስልኳ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ከምሳ በኋላ ግን ስልኳ ከቢሮው ጋር እንደተገናኘ፣ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛዋ ላይ ይቀመጣል፤ የቢሮውም ስልክ እንዲሁ። ማንም እንዲያወራ አይገደድም። ሰዓቱን «ገርበብ» አሉት።

«እኅቴ፣ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ጎረቤት ማዳመጥ?» አላት ከቢሮ በስልኩ «ቧንቧው» የሚሉት የውሃ መስመር ነዳፊ።

«ለወሬኛ ሁሉም ወሬ ነው። ሥራህን ሥራ!»

የክሊኒኩ ሰዎች ንድፉን ሊረከቡ አንድ ቀን ሲቀር የደረጃውን መስመር እያጠራች ነበር። ደረጃ ስትነድፍ በአፏ የመውጣት ልማድ አላት፦ «ረገጥኩ... ረገጥኩ... አሁን ዞርኩ፣ የኋላውን ግድግዳ ተጠጋሁ...»

«ቁሚ!» ቧንቧው ጮኸ። «የኋላውን ግድግዳ?»

«አዎ፣ በሩ ሲዞር ደረጃውም ዞረ።»

«ኧረ ጉድ! እኔ ትልቁን የፍሳሽ ቧንቧ በእሱ ነው ያወረድኩት። በሽተኛው ደረጃ ሲወጣ ቧንቧዬን ሊያቅፍ ነው!»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«የሚነገር ነገር መሆኑን በምን ላውቅ? አንቺስ ነግረሽኛል?»

ሁለቱንም ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳይመሽ የፍሳሹ መስመር ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ጀርባ ዞረ።

በማግስቱ የክሊኒኩ መሐንዲስ ንድፉን ወረቀት በወረቀት አገላብጦ የሚነቅፈው አጣ። ከሰዓት በኋላ በተከፈተው መስመር የአለቃዋ ድምፅ መጣ፦ «አለፈ! ስለ ቢሮው ያልኩትን ውሃ ይብላው።»

«በእኔ ቧንቧ ይሂድ!» አለ ቧንቧው።

ከጎን ክፍል አባቷ ባላቸው ጉልበት ተጣሩ፦ «ገርበብን ያመጣሁት እኔ ነኝ! ደመወዜስ?»

ስልኩ በእልልታ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ነዳፊዋም ተነሥታ በእሷና በአባቷ መካከል ያለውን በር፣ ለዛሬ ብቻ፣ ወለል አድርጋ ከፈተችው።