በእህቴ ካርድ

እህቴን በስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ሞተር» ነበር የሚሏት። ሌላዋ አምስት ኮሌታ ስትገጥም እሷ ዘጠኝ ትጨርሳለች። አለቃው እንኳ ሊቆጣት መጥቶ አፉን ይዞ ይመለሳል፤ እሷ ካኮረፈች መስመሩ በሙሉ እንደሚቆም ያውቃላ። እኔ ከጎኗ ቁልፍ የምተክለዋ ነኝ፤ በዕድሜ በአራት ዓመት እበልጣታለሁ፣ በሥራ ግን ታስንቀኛለች።

አንዴ ከተቀመጠች አትነሳም። ምሳዋም እዚያው ወንበሯ ላይ ነው። ከበሩ ማዶ በዘይት የተጠበሰ ድንች በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣላታል፤ ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ጣቶቿን ያሳያል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሥራ ልብሷ ጠቧት አሰፋችው። «ሞተር ያለ ዘይት አይሄድም» ትላለች፤ እኛም እንስቃለን።

ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ የወሊድ መከላከያ ክኒን ልትጀምር ፈለገች። ክሊኒኩ ሩቅ አይደለም፤ ወረፋው ግን ግማሽ ቀን ይበላል። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረ፤ ሥራ የቀለላት ሴት የሌላዋን ካርድ ይዛ ትሄድና «እኔ ነኝ» ትላለች። ያን ቀን ቁልፍ አልቆብኝ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር።

«እታለም፣ አንቺው ሂጂልኝ» አለችኝ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «የእማዬን ነገር ግን እንዳትረሺ።»

ነርሷ በእህቴ ካርድ ላይ የእኔን ክብደት ጻፈች፤ እኔ ደግሞ ነፋስ የሚወስደኝ ዓይነት ነኝ። ግፊቴን ለክታ ደህና ነው አለች። ቀጥላ፣ «ከቤተሰብ ደም የረጋበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናታችን የሞተችው በዚያው ነው፤ እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ሳንባዋ ገብቶ። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አለ ካልኩ ሐኪም ጋ ትልከኛለች፣ እዚያም ሌላ ወረፋ አለ፣ አለቃው ደግሞ ሰዓት ይቆጥርብኛል። «የለም» አልኩ። ስናገረው ምንም አልከበደኝም።

ክኒኑን በጀመረች በአራተኛው ወር ግራ እግሯ አበጠ። ከፔዳሉ ነው አልን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርንላት፣ ጫማ ቀየረች፣ ስፌቱን ግን አላቋረጠችም። አንድ ቀን ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት ከወንበሯ ተንሸራተተች። ሦስት ሆነን ተሸክመን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። በተነፈሰች ቁጥር ደረቷን ይዛ ታቃስታለች፤ እኔ መንገዱን ሙሉ እማዬ ነበረች የምትታየኝ።

ደግነቱ ተረፈች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አስረዳን። «በክኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። ብዙ ሴቶች ምንም ሳይሆኑ ይወስዱታል፤ አንቺ ላይ ግን ነገሩ ተደራረበ። ቀኑን ሙሉ ትቀመጫለሽ፣ ክብደትሽ ጨምሯል፣ ቅባት የበዛበት ምግብም ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። ከቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ?»

«እናታችን» አለች፤ ለአፍታም አላሰበችም።

«ይህን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ዓይነት መከላከያ ነበር የሚሰጡሽ።»

ሐኪሙ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። «ነግረሻታል አይደል?»

ከንፈሯ ደርቆ ነበር። እውነቱን ልነግራት ነበር፣ እምላለሁ። «ነግሬያታለሁ» አልኩ።

ይኸው ዓመት አለፈው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች፣ ድንቹን እርግፍ አድርጋ ትታለች፤ እግሯ ግን ቀኑ ሲገፋ እያበጠ ፔዳል አላስረግጥ አላት። አሁን ከተሰፋው ልብስ ላይ ትርፍ ክር ትቆርጣለች። ወንበሯ ላይ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ እኔ ወደዚያ አላይም።

ባለፈው ሳምንት ክንዴን ተደግፋ ስንሄድ ነርሷ መንገድ ላይ አገኘችን። ያወቀችው እኔን ነው። «ከዚያ ወዲህ ጠፋሽ፤ ክኒኑ አልተስማማሽም እንዴ?» አለችኝ በፈገግታ።

እህቴ ፊቷን አዙራ ጎተተችኝ። «ሲነገራት የማትሰማ!» አለች፣ እንድትሰማት ጮክ ብላ። ጥቂት እንደሄድን እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«ተያት፣ እታለም። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል።»

ጥለናት ስንሄድ ነርሷ ግራ ገብቷት ቆማ ነበር። እኔም ዞሬ አላየኋትም።