ሙግተኛዋን ወጣሽ

በቤተሰባችን ውስጥ ለእኔ ብቻ የተመደበ አንድ ስድብ ነበር። «ሙግተኛዋን ወጣሽ!» ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ በዳቦ ቁራሽ ከወንድሜ ጋር ስከራከር አባቴ ይለኝ ነበር። ተማሪ ሆኜ ከአስተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ አክስቴ ተቀበሉት። ራሴ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ከርእሰ መምህሩ ጋር ስያያዝ ደግሞ ወንድሜ ወረሰው። ሙግተኛዋ የምትባለው ማን እንደነበረች ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው ሲሰደብ የሚፈልገው መልስ ነው እንጂ የስድቡን የዘር ሐረግ አይደለም። የጠየቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ሊፈርስ ሲል ነው።

ልጅቷ እናቷ ከሞተች ጀምሮ አሰላ እኔ ቤት ነው ያደገችው። ነርስ ናት። የወደደችው ልጅ የበቆጂ ሰው ነው፤ የእርሻ ባለሙያ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በቆጂ ተወልዶ መሮጥ የማይሆንለት ብቸኛው ሰው እያልኩ አሾፍበታለሁ። ሽማግሌ ሲልክ አያቱም አብረው መጡ። ሰማንያውን ያለፉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ገና ሲገቡ ወደድኳቸው።

በሁለታችንም ወገን ከጋብቻ በፊት ቤት ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይኬዳል፤ በመካከሉ ሁለቱ ወገኖች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሥጋ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። የሁለቱም ቤተሰብ አባቶች ከሸዋ ደጋ ወደ አርሲ የመጡት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ እኛ ግን ቆጠራው ለወጉ ያህል የሚደረግ መስሎን ዳቦውን ቆርሰን ነበር የጀመርነው።

የእኛን ወገን የቆጠረው ወንድሜ ነው። ወንድሜ ከአሰላ ሮቤ ሚኒባስ ይነዳል። ከመስታወቱ በላይ፣ መኪናው ግንባር ላይ፣ «አባ» ብሎ የሚጀምር የፈረስ ስም በቀይ ቀለም አጽፏል። ድሮ ጦረኛ በፈረሱ ስም አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ ይባል ነበርና ወንድሜም የዘራችን አባት ስመ ጥር ጦረኛ ነው ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲሰብክ ነው የኖረው። ተሳፋሪው ብዙው የአርሲ ኦሮሞ ነው፤ የእነሱን አያቶች ስለወጋ ሰው ሲደሰኩርላቸው በትዕግሥት ሰምተው፣ ከፍለው ይወርዳሉ። እኔ ሳፍርበት ኖሬያለሁ።

ታዲያ ያን ቀን አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር፣ በተቀረጸው ድንጋይ ሥር ያረፈው አባ!» አለ።

ሽማግሌው ወደ አፋቸው ያስጠጉትን ብርጭቆ መለሱት። «የትኛው ድንጋይ?»

«አባ የሚለው ነዋ! ሌላ የተቀረጸ ድንጋይ የት አለ?»

«ልጄ፣ እሱማ የእኛ አባት ነው» አሉ።

ድንጋዩ አባቶቻችን በሰፈሩበት መንደር ነው፤ የማያውቀው የለም። ከላይ «አባ» የሚለው ብቻ ይነበባል፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። የእኛም ልጆች የእነሱም ልጆች በንግሥ ቀን በዚያ ሲያልፉ «አባታችን ይህ ነው» እየተባለላቸው አድገዋል። ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ፤ በእነሱም በኩል አምስት ቤት ሆነ። አብረውን የነበሩት የንስሐ አባታችንም፣ «በአምስት ቤት እኔ አላጋባም፤ እግዚአብሔርም አይወደው» አሉ። እንግዶቹ መርቀው ወጡ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። የተረፈውን ዳቦ ሰበሰበች፣ ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ ከዚያ እጇን እያደረቀች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እቴቴ፣ አንቺ ለሁሉም ሰው ትሟገቻለሽ። ለእኔስ?»

ለልጅቷ ምንም ቃል አልገባሁላትም፤ በማግስቱ ግን መነጽሬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የአክስቴን ሣጥን ገለበጥኩ። የአያቴ የመሬት ግብር ደረሰኞች ተገኙ፤ አያቴ ግብሩን በጊዜው የከፈለ ጨዋ ሰው ከመሆኑ በቀር ስለ አባቶቹ የሚሉት ነገር አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የክርስትና መዝገብ አስከፈትኩ፤ የነበረው ከጣሊያን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። እንደዚህ ስል ሳምንታት አለፉ። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ፊቴን አይታ ሳትጠይቀኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። የበቆጂው ልጅም መደወሉን እየቀነሰ መጣ፤ አያቱን መድፈር አልሆነለትም።

አንድ ቀን ወንድሜ ስልክ ደወለልኝና፣ «ዘመድ ሆነው ተገኙ፣ ምን ይደረግ? የአባታችንን ስም በየቢሮው አታንከራትቺ! ተይው በቃ! ሙግተኛዋን የወጣሽ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ያን ጊዜ ስድቡን ገና ሰማሁት። ሙግተኛ ካለች ሙግት ነበረ። ሙግት ከነበረ መዝገብ አለ። በአገራችን ደግሞ የርስት ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ መጀመሪያ የሚናገረው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼበት ወደ አክስቴ ሮጥኩ። እኔን ብሎ ሯጭ! ባጃጅ እንኳ ለመጥራት ትዕግሥት አጣሁ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ ዘጠናን አልፈዋል። ጥያቄዬን ሲሰሙ በሩን እንድዘጋ በእጃቸው አመለከቱኝ።

«የአያትሽ እናት ናት። ወንድሞቿን በመሬት ከሰሰች። ሴት ልጅ ወንድሞቿን!»

«ከዚያስ?»

«ረታቻቸዋ! እስከ ዕለተ ሞታቸው አላናገሯትም። ከዚያ ወዲህ ስሟን መጥራት ነውር ሆነ፤ ዘር ሲቆጠርም ተዘላ ቀረች።»

«አባቷስ ማን ነበር?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዳኛው ፊት ተናግራለች፤ እዚያ ሄደሽ ጠይቂ!»

በፍርድ ቤቱ የድሮ መዛግብት የተከማቹበት ክፍል እንድገባ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠናሁ። ከገባሁ በኋላም አቧራው ሲያስነጥሰኝ ከረመ። ፋይሉን ያገኘሁት በመንደሩ ስም ከታሰሩት መካከል ነው፤ ገመዱ በእጄ ላይ ተበጠሰ። ጸሐፊው ቃሏን እንደወረደ ስለጻፈው የማነብ ሳይሆን የማዳምጥ መሰለኝ። እሷም እንደ ወንድሞቿ ካባቷ አብራክ የወጣች እንደሆነች፣ ሲያርሱ አብራ ስታርም፣ ሲያጭዱ አብራ ስትሰበስብ እንደኖረች ትናገራለች። ዳኛው ዝም በይ ሲላት «ዝም እንድልማ ወንድሞቼም ጠይቀውኝ ነበር» ትላለች። ብቻዬን ሳቅሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሰደብኩት በዚህች ሴት ነው? ከእንግዲህ በደንብ ይስደቡኝ!

አባቷንም ተናገረች። ከተጉለት የመጣ ሰው ነው። ጦረኛ አልነበረም፤ ፈረስም አልነበረው። ከሰፋሪው ጋር የመጡ የአንድ መነኩሴ አባ መጻሕፍትና ስንቅ በበቅሎ እየጫነ የመጣ ጫኝ ነው። ጫኝ! የወንድሜ መኪና ግንባር ታየኝና እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

በዚያው ፋይል ውስጥ አንድ ነገር ስላየሁ ሳልጽፈው አላልፍም። የተካሰሱበትን መሬት ከእነሱ በፊት ያርስ የነበረው የአርሲ ሰው በመዝገቡ ውስጥ የሚገኘው በወሰን ምልክትነት ብቻ ነው፤ ከእሱ ጎጆ በላይ፣ ከወንዙ በታች ይላል። ከሳሽ የለ፣ ምስክር የለ፤ ምልክት ብቻ። የጀግናዋ ቅድመ አያቴ ድል ያረፈው በዚያ ሰው እርሻ ላይ መሆኑን አውቃለሁ።

ከዚያ የምስክሮቹን ቃል ገለጥኩ። ሁለተኛውን ምስክር ስም ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አነበብኩት። የበቆጂው ሽማግሌ አባት ናቸው። ምስክር ከመናገሩ በፊት ከተካሳሾቹ ጋር ያለውን ዝምድና ይጠየቃል፤ እሳቸውም ተጠይቀው፣ ዝምድናም ጠብም የለኝም፣ አባቴ የቡልጋ ሰው ነው፣ የእነሱ አባት የተጉለት፣ ያገናኛቸው የአባ ስንቅ ነው ብለው መለሱ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ግልባጩን ይዤ፣ የንስሐ አባታችንንና ወንድሜን አስከትዬ በቆጂ ወጣሁ። ለሽማግሌው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የአባታቸው ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡና እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት። «ያገናኛቸው የአባ ስንቅ ነው» የምትለዋን ከእኔ ጋር አብረው አሉ።

«እሱ ነው» አሉ። «እንዲህ ነበር የሚናገር። አባቴ ደግሞ ምሎ አይዋሽም።»

የልጁ እናት ኦሮሞ ናቸው፤ «ዱጋ ዳ! እውነት ነው!» ብለው አጨበጨቡ።

አለቀ ብዬ ስነሣ ወንድሜ አላስነሣ አለ። ጫኝ የሚለውን ቃል ከሰማ ጀምሮ ፊቱ ጠቁሯል። «የወረቀት ወሬ ነው! ድንጋዩ አባ ይላል፤ አባ ማለት የፈረስ ስም ነው!» አለ። የገዛ ልጁ ሠርግ ሲበተን ቁጭ ብሎ ማየትን መረጠ፤ ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። የባሰው ደግሞ የንስሐ አባታችን በሌላ በኩል ደገፉት።

«መነኩሴም ቢሆን ሚስቱ ሞታበት የመነኮሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጆች ይኖሩታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ድንጋዩ ይነበብ።»

«ይነበባ!» አልኩ እኔ። ግን ፈራሁ። ከሽበቱ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ድንጋዩ የወንድሜን ቢናገር የልጅቷ ነገር አበቃ።

በቀጠሮው ጠዋት ሁለቱም ቤተሰብ ከጽዱ ሥር ተሰበሰበ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጅቷ ውሃ በባልዲ ይዛለች፤ የበቆጂው ልጅ ከማዶ ቆሞ እሷን እንጂ ድንጋዩን አያይም። ሽበቱን በውሃ አርሰን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልን አነሣነው፤ ፊደሉ ግን ጥልቀት ስለሌለው ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆነብን። ፀሐይዋ በጭላሎ ተራራ በኩል ብቅ እስክትል ጠበቅን። ብቅ ስትል ብርሃኗ ድንጋዩን ከጎን መታው፤ እርጥቡ ላይ ፊደሎቹ ጥላ ያዙ።

የንስሐ አባታችን ተንበርክከው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አባ። ከዚያ ስሙ፤ የፈረስ ሳይሆን የምንኩስና ስም ነው። ከዚያ መነኵሴ የሚል። ጣታቸው ወደ መጨረሻው መስመር ወረደ፤ አንዴ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«ምን ይላል አባ?» አለች ልጅቷ።

«በድንግልና የመነኮሰ ይላል» አሉ፤ ቀና ሲሉም ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ ነበር። «ልጆቼ፣ እኚህ ሰው ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የሁለቱም አባቶቻችሁ የነፍስ አባት ነበሩ። አባታችን ያሏቸው ለዚህ ነው።»

ከዚያ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና፣ «መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ድንግል መነኩሴ ስናስወልድ ኖርን! ይቅር ይበሉን አባ!» አሉ። አክስቴ ከተቀመጡበት፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው እልልታውን አቀለጡት። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷ ባልዲውን ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ውሃው እግሬን አራሰኝ። የእኔም ተራ ደርሶ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ፣ ኮርቼ፣ ሳላፍር አለቀስኩ።

ወንድሜ ብቻ ለማንም ሳይናገር ወደ መኪናው ሄደ። በኋላ ሰው እንደነገረኝ ሮቤ መናኸሪያ ለደንበኞቹ ራሱ ነው ያወራላቸው፤ አንድ አዛውንት ተሳፋሪ ትከሻውን ይዘው፣ «እንዲያ ከሆነማ የወጋኸን አንተ አይደለህማ! ና ምሳ ብላ!» አሉት አሉ።

የሠርጉ ቀን ጠዋት የሚኒባሱን ጥሩምባ ሰምቼ ወጣሁ። መኪናው ታጥቧል፣ አበባ ተሰክቶበታል። ግንባሩ ላይ የነበረው ቀይ ጽሑፍ የለም፤ በምትኩ «የጫኙ ልጅ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ወንድሜ የሙሽራዋን ሣጥን ጣሪያው ላይ እያሰረ፣ ወደ ታች ሳያየኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ጣሪያ ላይ ስጭን የኖርኩት ለካ በዘር ነው» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩለት።

ሙሽራዋ ወጣች። ሚዜዎቹ ከኋላ ሊያስቀምጧት ሲሉ ቆማ መከራከር ጀመረች፤ አባቴ አጠገብ፣ ከፊት ነው የምቀመጠው፣ ቬሎው ቢጨማደድም የእኔ ነው፣ ደግሞስ የማን አባት መኪና ነው እያለች። ሚዜው አንድ ቃል ሲናገር ሦስት ትመልሳለች። ወንድሜ ከጣሪያው ወርዶ፣ እጁን አራግፎ፣ የፊተኛውን በር ከፈተላትና ወደ እኔ ዞረ።

«አየሻት?» አለኝ፤ ሠፈሩ ሁሉ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። «ሙግተኛዋን ወጣች!»