የውስጥ ቋጠሮ

እህቴ የሞተችው የልጅ ልጇ ሹራብ የአንዱ እጅጌ ግማሽ ሲቀረው ነው።

እኔ ጋ፣ መካነ ሰላም፣ የመጣችው ለሕክምና ነበር። ሐኪሙ ወደ ደሴ ጻፈላት፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ቀረን። ሕመሙ ሆዷ ውስጥ ነው። ከቤቴ በእግሯ እንደማትወጣ ለሁለታችንም ገብቶናል፤ አልተነጋገርንበትም። አቀስታ ያለችው ልጇ ግን የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። የአቀስታ ብርድ ለሕፃን አይራራም።

«ሹራቡን ሳልጨርስ አልሄድም» አለች። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ገበያው ላይ የሱፍ ክር ስላልተገኘ የራሷን አሮጌ ሹራብ ተረተርን። ክሩ ሳስቶ ነበርና እየተበጣጠሰ ወጣ። ሥራችን ከመሥራት ይልቅ መቀጠል ሆነ።

ክር ሳይቋጠር መቀጠልን የተማርኩት ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከባልትና አስተማሪያችን ነው። ሁለቱን ጫፎች እንደ ባዘቶ ማፍታታት፣ አንዱን በሌላው ላይ ማስተኛት፣ በምራቅ ማርጠብ፣ ከዚያ በሁለት መዳፍ መሐል እስኪሞቅ ማሸት። ሱፍ ከሆነ ይያያዛል፤ መጋጠሚያውን ጣት እንኳ አያገኘውም። ናይለን እንቢ ይላል።

እህቴ ድሮም ትቋጥር ነበር።

«የሕፃን ገላ ላይ ቋጠሮ?» አልኳት።

«በውስጥ በኩል ነው፤ ማን ያየዋል?»

«ገላው ያየዋል።»

«እትዬ፣ አንቺ ክር አትቋጥሪም እንጂ ቂም ሲሆን ማን ይችልሻል።»

ሳቀች። ሳቁ ሆዷን ስለያዛት ተወችው።

ከዚያ ወዲያ እሷ ትሠራለች፣ እኔ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሁለት ጫፎች መዳፏ ውስጥ ይዛ ስታሽ አገኘኋት። ታሻለች፤ አይያያዝም። እጇን ያዝኩት። ሙቀት አልነበረውም።

«አልሞቅ አለኝ» አለች።

«አምጪው።»

«ተይ፣ ልቋጥረው።»

ቋጠረችው።

ስትሞት ሴቶቹ አጠቧት። የምትገንዛት ባልቴት አውራ ጣቶቿን የምታስርበት ክር አምጪ አለችኝ። እጄ የገባው ያው የሱፍ ልቃቂት ነው።

«ይኼ አይሆንም፣ የጥጥ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። የእግሮቿን አውራ ጣቶች አጋጥማ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረች። ጎረቤቴ ከአጠገቤ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። እኔ የማየው ቋጠሮውን ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ሹራቡን አነሳሁ። የእሷ ክር ያለቀበትን ጫፍ ፈልጌ አገኘሁና አፍታታሁት፤ አረጠብኩት፤ መዳፌ ላይ አስተኛሁት። የእኔ እጅ ሞቃት ነው። ግን አላሸሁትም፤ ቋጠርኩት።

ልጇ አራስ ስለነበረች ለቀብሩ አልደረሰችም። መንገዱ ሲከፈት የጨረስኩትን ሹራብ አቀስታ ወሰድኩላት። ለሕፃኑ ከማልበሷ በፊት እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ ዳሰሰችው።

«አክስቴ፣ ቋጠሮ አለበት። እጅጌው ላይም አለ። እርስዎ እኮ አይቋጥሩም ነበር። ልፍታው?»

«ከፈታሽው ይተረተራል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከሥር ስስ ካናቴራ አልብሳ ሹራቡን ደረበችለት። እጅጌው ረዝሞበት እጁ አልወጣም።