የእትዬ ባልዲ ጣሪያ

ስሟን ያወጣላት ጣሪያዋ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ጎን አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው እትዬ ባልዲ ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ኑሮዋ በመርፌና በክር ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ዝናብ ሲጀምር ጨርቁን ወደ አልጋው፣ አልጋውን ወደ ግድግዳው፣ መኪናዋን ወደ በሩ ታስጠጋና ባልዲውን መሀል ላይ ደቅና መስፋቷን ትቀጥላለች።

የሚገርመው እንደ እሷ ጣሪያ የተጎበኘ ጣሪያ አለመኖሩ ነው። ቤቷ አስፋልቱ ዳር ስለሆነ የእንግዶቹን ጫማ ጭቃ አይነካውም፤ በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ደግሞ ለፎቶ ይመቻል ይባላል። ስለ ድሃ የሚናገር ሁሉ መጀመሪያ እሷ ቤት ይመጣል። አንጋጦ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ባለፈው ምርጫ ዓይንና ናጫ የሆኑ ሁለት ፓርቲዎች እዚያው ባልዲ አጠገብ የተነሱትን ፎቶ አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጥፈው ነበር። አንደኛው «ከዚህ እናወጣታለን» ይላል፤ ሌላው «እዚህ የከተቷት እነሱ ናቸው» ይላል። እትዬ ባልዲ ቆም ብላ ሁለቱንም አየችና፣ «ምን ነክቶኝ ነው ሁለቴም ይሄንኑ ሻርፕ የለበስኩት?» አለች።

እንግዶቹን የሚያመጣው የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ክፉ ነው እንዳይባል ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ችግሩ፣ አንዴ ከደረሰ በኋላ የሰውየውን መከራ እንደ ራሱ ንብረት ይሳሳለታል። በእትዬ ባልዲ ስም ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ ተሰጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ካሜራው ዘወር ሲል ቆርቆሮውም ዘወር ብሎ የሊቀመንበሩ ግቢ ገባ። ስትጠይቀው፣ «እህቴ፣ በአደራ ነው ያስቀመጥኩልሽ» ይላታል። አደራው ታዲያ የመኪናው ማቆሚያ ላይ ተመቶ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነው የተቀመጠው።

ዘንድሮ ግን ሴትየዋ ቆረጠች። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ ወልዳም እናቷ ቤት ልትከርም አስባለች። የልጅቷ ባል ግን ያንን ቀዳዳ ቀና ብሎ አየና፣ «እማማ፣ አይቀየሙኝ፤ ልጄን ዣንጥላ ይዤ አላስተኛም» አላት። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም የልጅ ልጇን ሰው ቤት ሄዳ፣ እንደ እንግዳ ጥግ ተቀምጣ ልታቅፈው? ያጠራቀመችውን ሁሉ አራግፋ ቆርቆሮ ገዛች፤ ልጇ ሐኪም ቤት በገባች ማግስት ጣሪያውን አስለወጠች። ቆርቆሮ መቺው መሰላሉንና መዶሻውን «ነገ እወስዳቸዋለሁ» ብሎ ትቶላት ሄደ።

በነጋታው፣ ልጇ ሕፃኑን ይዛ በምትመጣበት ቀን፣ ሊቀመንበሩ እያለከለከ ደረሰ። ጣሪያውን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ።

«ምን አደረግሽ?»

«ጣሪያ አስመታሁ።»

«ሳታማክሪኝ? የዘንድሮው ምርጫ እጩ ሊጎበኝሽ መንገድ ላይ ነው እኮ! ምን ላሳየው ነው?»

«ያንተን መኪና ማቆሚያ አሳየው። ቆንጆ ቆርቆሮ አለው።»

ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «እሺ፣ አንዷን ብቻ ላንሳት። ፎቶው እንዳለቀ እኔው ራሴ እመታታለሁ። ለሰፈሩ ስትይ!»

«አንዲት ሚስማር ብትነካ ውርድ ከራሴ!» ብላው አልጋ ልታነጥፍ ገባች።

ትራሱን እያስተካከለች ሳለ ከላይ ሚስማር ሲነቀል ሰማች። ቀጥሎ ቆርቆሮ ተንኳኳ፤ ቀጥሎ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የጨርቅ ኮርኒሱ ተተርትሮ ከስፌት መኪናዋ በላይ አንድ እግር እስከ ጭኑ ወረደ። ጫማው ተወልውሏል። እትዬ ባልዲ ባለቤቱን ለመለየት አልተቸገረችም። ሮጣ ወጣች፤ መሰላሉን አንስታ መሬት ላይ አጋደመችውና ተቀመጠችበት።

ወዲያው እጩው ከነካሜራው ደረሰ። ልምድ ያለው ሰው ነውና ገና ከበሩ ፊቱን አሳዝኖ ገብቶ አንጋጠጠ። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው እግር ተወራጨ። እጩው ባሳዘነው ፊቱ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው።

«ይሄ… የማን ነው?»

«የሊቀመንበራችን ነው፣ ጌታዬ» አለች እትዬ ባልዲ ከውጭ። «ጣሪያው ደህና ነበር፤ የሚያፈሰው እሱን ነው።»

ካሜራ ያዡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሊቀመንበሩ ከላይ ይለምናል። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ መሰላሉን አቅርቢልኝ!»

«መጀመሪያ ቆርቆሮዋን መልሰህ ምታ። ያንን ቀዩን አደራዬንም እንደምታመጣ ተናገር።»

«በሰው ፊት?»

«ሲሰጡኝስ በሰው ፊት አልነበር?»

ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ መውጫ የለም። ሊቀመንበሩ እግሩን እንደ ምንም ጎትቶ አወጣ፤ ከነሱፉ ተንበርክኮ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሚስማር በሚስማር መታ። ከታች ያለው ሕዝብ «ወደ ግራ! ጠበቅ!» እያለ ያሠራዋል። እጩው ረዳቱን ወደ ጥግ ሳብ አደረገና፣ «ሌላ የሚያፈስ ቤት የለም?» ብሎ ሹክ አለው፤ ተያይዘው ሄዱ። ቀዩ ቆርቆሮ በሳምንቱ በጋሪ መጣ። አሁን የእትዬ ባልዲ ማድ ቤት የሊቀመንበሩን መኪና ማቆሚያ ይመስላል።

የመጀመሪያው ዝናብ የወረደው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጇ ሕፃኑን ይዛ ከገባች በኋላ ነው። እትዬ ባልዲ ከልማዷ ባልዲውን መሀል ላይ ደቀነች፤ ጨርቁን ወደ አልጋው ልትጎትት ስትል ሕፃኑ ተኝቶበታል። ቆማ ጠበቀች። ቆርቆሮው ይጮሃል፤ ባልዲው ውስጥ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?» አለቻት ልጇ።

«ምንም። አላፈሰም።»

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ያለፈው አለፈ። ከጀርባችሁ ያሉት አሮጊት ቤታቸው ግሩም አድርጎ ያፈሳል፤ ነገ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። ታዲያ ያቺን ባልዲ ብታውሺኝ? ሰዉ ለምዷታል።»

እትዬ ባልዲ በሩን ገፋ አድርጋ አሳየችው። ሰማያዊው ባልዲ መሀል ቤት፣ የድሮ ቦታው ላይ ነው። ልጇ ሕፃኑን ደግፋ ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች፤ እሱም በሁለት እግሩ ውሃውን ይረግጣል።

«ባልዲው ተይዟል» አለችው። «ለእማማ ግን ቆርቆሮ መቺዬን እልክላቸዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ክው አለ።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አላት። «እሳቸውንም እንዳትጠግኚብኝ!»